ተመልሼ አይሻለሁ

ፀዳለን የማውቃት በመኪና መስታወት ነው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እስከ ጉርድ ሾላ የምርምር ማዕከላችንን ሠራተኞች በሰርቪስ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ጁነይድ እባላለሁ። እሷ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል ነው የምትቀመጠው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ትራፊኩ የባሰ ነው፤ ስለዚህ ከሚስቴ ጋር ካወራሁት ከፀዳለ ጋር ያወራሁት ሳይበልጥ አይቀርም። ሚስቴም ይህንን ታውቃለች፣ አትወደውም።

ፀዳለ አንድ አመል አለባት። ከሰው ስትለይ «ተመልሼ አይሻለሁ» ማለት ትወዳለች። ለጥበቃው «ተመልሼ አይሃለሁ» ትላለች፣ ብሎካችን ሥር ለታመሙት አሮጊት «ተመልሼ አይዎታለሁ» ትላለች፣ ሳትገዛ ላለፈቻት አትክልት ሻጭም ትላለች። አትክልት ሻጯ ሸዋረጋ አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመለሽው? ቲማቲሙ እኮ በሰበሰ!» ብላ ፌርማታውን በሳቅ አፍርሳዋለች። እኔም ስቄያለሁ። እዚህ አገር ሰው ከሰው ደረቁን አይለይም፤ አንድ የተስፋ ቃል ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። ቃሉን እንደ ቀጠሮ የሚይዘው የለም። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ሥራዋ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ዶክተር ማቲዎስ ስለሚመሩት ጥናት ሾፌር የሚያውቀውን ያህል እናገራለሁ፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ራሳቸውን ይጠይቅ። አንዳንድ ሰው አለ፣ ሚስቱ ወይም እናቱ ቲቢ ይዟቸው ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ትሪ ሳይለይ ከርሞ በሽታው ሳይነካው የሚቀር። ለምን? ጥናቱ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ የሚፈለገው ደግሞ በደማችን ውስጥ በሽታን ከሚከላከሉልን ሴሎች ነው።

ፀዳለ ነገሩን ያስረዳችኝ በሰፈራችን ምሳሌ ነው። ሲኤምሲ ላይ መንገድ ተዘግቶብን ቆመን ሳለ፣

«የኛን ኮንዶሚኒየም አስበው» አለችኝ። «ቤቱ ሁሉ በአንድ ፕላን ነው የተሠራው። ግን ፕላኑን ስላየህ ሰፈሩ ሰላም ይሁን አይሁን አታውቅም። የትኛው በር እንደተከፈተ፣ የትኛው እንደተዘጋ ማየት አለብህ። ሴልም እንደዚያ ነው። ጂኑ በሁሉም ውስጥ ያው ነው፤ ሴሉ ግን እንደ ሥራው አንዱን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። በሽታ ሲመጣበት ደግሞ ሌሎች በሮች ይከፍታል።»

የሷ ሥራ ክፍት በሮቹን መፈለግ ነው። ሴሎቹን ከደሙ ትለያለች፣ ሽፋናቸውን ሳሙና በመሰለ ነገር ታሳሳለች፣ ከዚያ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ኢንዛይም ትጨምራለች። መቀሱ የተዘጋው ጋ አይደርስም። ክፍት ያገኘው ጋ ብቻ ገብቶ ይቆርጣል፣ በቆረጠበትም ምልክት ይተዋል። ምልክት ያለባቸው ቁርጥራጮች ውጭ አገር ወዳለ ትልቅ የማንበቢያ ማሽን ይላኩና ንባቡ በኢንተርኔት ይመለሳል። ንባቡን በኮምፒውተር የምትተነትነው መቅደላዊት የምትባል ልጅ ናት። ፋይሉን በኛ ኢንተርኔት ስታወርድ «ጁነይድ፣ ፕሊስ ዱዓ አድርግልኝ» ትለኛለች።

ሳሙናው ጥቂት ከበዛ ሴሉ ይፈርሳል፤ ጥቂት ካነሰ መቀሱ አይገባም። ስለዚህ ፀዳለ ሥራ ስትጀምር ስልኳን ታጠፋና የላብራቶሪው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ቀይ ጨርቅ ካለ ማንም አያንኳኳም፣ ዶክተርም ቢሆኑ። ከጨርቁ ወዲያ እሷና ቱቦዎቿ ብቻ ናቸው። ኋላ ጣጣ ያመጣባትም ይኸው ብቸኝነቷ ነው።

በቲቢ ታማሚ ቤት የኖሩትን ሰዎች ደም ነርሶች በየጤና ጣቢያው ቀድተው ነበር የላኩልን፤ ፀዳለ ሰዎቹን በዓይኗ አላየቻቸውም። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ቲቢ በቤቱ ያልገባ ሰው አስፈለገ። አምና በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እኔና እሷ እንጦጦ ወጣን። እዚያ ያሉት ቄስ አባ ዘመንፈስቅዱስ ከቅዳሴ የወጣውን ሕዝብ በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስበው ጠበቁን።

ከዚህ በፊት የክትባት መኪና ነበር የምነዳው። እንደ ልማዴ የደሙን ሳጥን በረዶ ሞልቼ ይዤ ሄድኩ። ፀዳለ ስትከፍተው ጮኸች።

«ጁነይድ! ሴሎቹ በብርድ ይደነግጡብኛል!»

በረዶውን አውጥታ ሣሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ በኋላ ራሷ በፈሳሽ ናይትሮጅን እንደ ድንጋይ አድርጋ እንደምታቀዘቅዛቸው አውቃለሁና ልዩነቱን ጠየቅኳት። «ቀስ ብሎ መተኛትና በድንገት መውደቅ አንድ ነው?» አለችኝ።

ሰዎቹ ተሰልፈው እየመጡ ገብረ እንዲህ፣ ወለተ እንዲያ እያሉ ስማቸውን ነገሯት። አባ አጠገቧ ቆመው ሁሉንም በየስማቸው እየጠሩ ያጫውታሉ። ከሁሉ መጨረሻ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መጣች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«ስምሽ ማነው እህቴ?»

«ወለተ ሰንበት።»

«ሳል አለብሽ? የሌሊት ላብ? ትኩሳት? በቤትሽ ቲቢ የያዘው ሰውስ?»

«ምንም የለም።»

ፀዳለ የስምምነቱን ወረቀት አነበበችላት። ደሙ ለጥናት ብቻ እንደሚውል፣ ለግለሰብ ውጤት እንደማይሰጥ ወረቀቱ ይናገራል፤ ግን ወረቀት የሚያወራው በወረቀት ቋንቋ ነው። ሴትየዋ ከተቀዳች በኋላ ክንዷ ላይ ጥጡን እንደያዘች አልሄድ አለች።

«ደሙን በደንብ ታዩታላችሁ አይደል?»

«በደንብ ነው የምናየው።»

«መጥፎ ነገር ቢገኝበትስ?»

ፀዳለ ቱቦውን በዝግታ ታገላብጣለች፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ሴሎቹ አይጠብቋትም፤ ላብራቶሪ መድረስ አለባት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ተመልሼ አይሻለሁ» አለቻት።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ወረድን።

ንባቡ የተመለሰው ሰኔ ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ዶክተር ማቲዎስ አስጠሩኝ። ስገባ መቅደላዊት ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች፣ ፀዳለ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዶክተር ሲያዩኝ ስለ እግር ኳስ ሳይነካኩኝ አያልፉም ነበር። ያን ቀን አልነካኩኝም።

«ጁነይድ፣ የእንጦጦውን ሳጥን ያመጣኸው አንተ ነህ። መንገድ ላይ ተከፍቶ ነበር?»

«አልተከፈተም።»

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ዶክተር፣ የተሰረቀ ነገር ካለ በግልጽ ይንገሩኝ!» አልኩ። ቁጣዬ ቶሎ ነው የሚመጣው።

«የተሰረቀ የለም» አሉ። ወንበር ሰጡኝና አስረዱኝ። ከጤና ጣቢያ የመጣ አንድ ደም አለ፤ ከእንጦጦ የመጣ ሌላ ደም አለ። የሁለት ሰዎች ደም ነው። ንባቡ ሲመጣ ግን የሁለቱ ጂን ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ ተገኘ። መንታ ካልሆነ በቀር ይህ በሁለት ሰው ላይ አይሆንም፤ የአንደኛዋ ዕድሜ ደግሞ ከሌላዋ ጋር ቢቀራረብም የትውልድ ቦታቸውም ስማቸውም ለየቅል ነው። ሁለቱ ደሞች ከናይትሮጅኑ ወጥተው የተሠሩት በአንድ ቀን፣ ከቀይ ጨርቁ ጀርባ፣ በፀዳለ እጅ ነው።

«የአንዷ ደም ሁለት ቱቦ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው» አሉ ዶክተር። «ይህ ከሆነ የቀሩት አለመቀላቀላቸውን በምን አውቃለሁ? ሐሙስ ለገንዘብ ደጋፊዎቹ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሁሉም ይጣል ሊሉ ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። ያኔ ያንቺ ኮንትራት…»

አልጨረሱትም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ግማሹን ነው የሚናገሩት። ፀዳለ ግን ሌላውን ግማሽ ሰምታዋለች። በዚህ ከተማ ላብራቶሪ ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ቱቦ ቀላቃይ የተባለች ሴት በሌላ በር አትገባም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከጉርድ ሾላ እስከ የካ አባዶ አንድ ቃል አልተናገረችም። በመስታወት ሳያት ጣቶቿ በአየር ላይ ቱቦ ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። ያንን ቀን እንደገና እየሠራችው ነበር። ሲኤምሲን እንዳለፍን፣

«ጁነይድ፣ እኔ ቀላቅዬው ይሆን?» አለችኝ።

«አንቺ? አንቺማ አትቀላቅዪም።»

«በምን አወቅክ?»

በምንም አላወቅኩም። ሰው ናት፣ ሰው ይሳሳታል። ግን ይህንን እንዴት ይባላል? መሪዬን ጨብጬ መንገዴን ቀጠልኩ። ፌርማታው ላይ ሸዋረጋ «ፀዳለ፣ ዛሬም ተመልሼ ልትዪ ነው?» ብላ ስትጠራት ሳትሰማ አለፈች። ሸዋረጋ ወደ እኔ ዞራ «ምን አደረጋችኋት?» አለችኝ፤ እኔው ጥፋተኛ ሆኜ አረፍኩት።

በማግስቱ ሠራተኞቹን ገና ሳላራግፍ መቅደላዊት ግቢው በር ላይ ቆማ አገኘናት። ዓይኗ ቀልቷል። ፀዳለን በእጇ ይዛ ወደ ዶክተር ቢሮ ጎተተቻት፣ እኔንም «አንተም ና፣ ትናንት ተከሰህ የለ እንዴ» አለችኝ።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሥዕል አወጣች፤ ከላይና ከታች፣ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚል። ከፍ ያለው ቦታ የተከፈተ በር መሆኑን ነገረችኝ።

«ዶክተር፣ ትናንት ያየነው ፊደሉን ብቻ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ ኦኬ። ግን በሮቹን ይዩአቸው። ፀዲ አንዱን ደም ሁለት ቱቦ ውስጥ ከፍላው ቢሆን በሮቹም አንድ በሆኑ ነበር። አይደሉም። የመጀመሪያው ጸጥ ያለ ነው። የእንጦጦው ላይ ግን ከበሽታ ጋር ለመታገል የሚከፈቱት በሮች ሁሉ ወለል ብለዋል።»

ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከላይ ያዩታል፣ ከታች ያዩታል።

«አንድ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «በሁለት የተለያየ ጊዜ የተቀዳ አንድ ሰው። ግን እንዴት? ስሞቹ…» ተነስተው ቁልፉ እሳቸው ጋ ብቻ ያለውን ካቢኔ ከፈቱ። «ይኸው። የጤና ጣቢያዋ ፍቅርአዲስ ቱሉ። ባሏን በቲቢ አስታማ፣ እሱ ሞቶባት እሷን ያልያዛት። የእንጦጦዋ ወለተ ሰንበት። ሁለት ሴቶች ናቸው እኮ!»

ፀዳለ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ የእርስዎ የክርስትና ስም ማነው?»

«ኃይለ መስቀል» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሦስቱ ተያዩ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልገባኝ። መቅደላዊት አዘነችልኝና፣ ክርስቲያን ሲጠመቅ ሌላ ስም እንደሚሰጠው፣ ለቄስና ለጠበል የሚነገረውም ያ ስም እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ለመስጊዱም ለመንጃ ፈቃዱም ያው ጁነይድ ነኝ።

«ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው ስም የጠየቅኩት» አለች ፀዳለ። «አባ አጠገቤ ቆመዋል። ሰዉ እዚያ ሌላ ምን ስም ይነግረኛል? ዓለማዊ ስማችሁን አላልኩም። ጭራሽ አልመጣልኝም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቱቦ አልቀላቀለችም፣ በቃ፤ እኔ እንዲያውም እልል ልል ነበር። እሷ ግን ከታች ያለውን ሥዕል አፍጥጣ ታያለች። ዶክተርም እሱኑ ነው የሚያዩት።

«ይህ በጥር የተቀዳ ነው» አሉ ዶክተር ዝግ ብለው። «ሴሎቹ ያኔ እንዲህ ከነበሩ… ይህ ምርመራ አይደለም፣ በዚህ ብቻ ቲቢ ነው አልልም። ግን ከባሏ ጋር የኖረች ሴት ናት። ከያዛት አምስት ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት ነው ያለችው።»

የፍቅርአዲስን ስልክ ደወሉ። ዝግ ነው። ጤና ጣቢያው ጋ ደወሉ። ካየናት ዓመት ሊሆናት ነው አሉ።

ዶክተር አንድ ወረቀት አትመው ለፀዳለ ሰጧት። ሁለቱም ጊዜ ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ የሚል ነው። «ይህንን ከፈረመች ነገ ስምሽም ሥራችንም ይድናል። ካልፈረመች ያለን ግምት ብቻ ነው» አሉ። «ግን መጀመሪያ ትገኝ። ሂዱ። እኔ ሆስፒታል ደውዬ ስለ አልጋ አነጋግራለሁ።»

ዝናቡ ቀበና ላይ ያዘን። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ስወጣ መጥረጊያው መስታወቱን አላጸዳ አለኝ፤ ከፊቴ ደግሞ ወደ እንጦጦ ፓርክ ፈረስ ሊጋልቡ የሚወጡ ወጣቶች መኪናቸውን መሃል መንገድ አቁመው ጉሙን ፎቶ ያነሳሉ። ጥሩምባዬን ተጭኜ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ፀዳለ እንደ ወትሮው ከጀርባዬ አልነበረችም፤ ጎኔ ተቀምጣ ወረቀቱን ከጃኬቷ ኪስ ታወጣለች፣ ታስገባለች።

«ጁነይድ፣ ምን ነበር ያልኳት?»

«ማንን?»

«የመጨረሻዋን ሴት። ስንለያይ።»

አስታውሰው ነበር። ቃል በቃል አስታውሰው ነበር።

«እኔ ሳጥኑን ስሸከም አልሰማሁም» አልኳት።

አባ ዘመንፈስቅዱስን አዳራሹ በር ላይ አገኘናቸው። ፀዳለ መስቀል ሳትሳለም ነው የጠየቀቻቸው።

«ወለተ ሰንበት?» አሉ አባ። «ልጄ፣ ወለተ ሰንበት ብለሽ ብትጣሪ እኮ ግማሹ ሕዝብ ነው አቤት የሚልሽ።»

«ወጣት ናት አባ። ባሏ የሞተባት። በጥር ደም ስቀዳ መጨረሻ የመጣችው።»

አባ ፊታቸው ተለወጠ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አንዲት ወጣት ወለተ ሰንበት ነበረች። ስታስል እሰማት ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አረፈች፣ እዚሁ ነው ያሳረፍናት።»

ፀዳለ የበሩን መቃን ያዘች። ያኔ ስለ ወረቀቱ እንዳሰብኩ አልክድም፤ አሁን ማን ይፈርምላታል ብዬ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

ደጃፉ ላይ ሻማ የምትሸጥ ሴት ከጃንጥላዋ ሥር ሆና ትሰማን ኖሯል። «የለም አባ!» አለች። «ያረፈችውማ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ናት፣ ባልም አልነበራት። ባሏ የሞተባት ወለተ ሰንበት ከወፍጮው ጀርባ ነው የተከራየችው። ካየኋት ግን ሰንብቻለሁ።»

«እሷማ!» አሉ አባ፣ ግንባራቸውን ይዘው። «እሷንም ስታስል ሰምቼ፣ ልጄ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው ብያታለሁ። አባ ታይቻለሁ፣ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ።»

«ማን ነው ያያት?» አለች ፀዳለ።

«እሱን አልነገረችኝም።»

ወደ ወፍጮው የሚወስደው መንገድ መኪና አያስገባም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ፀዳለ ቀድማኝ ትሮጣለች፤ እኔ ያለኝን ጉልበት ይዤ ከኋላ አለከልካለሁ፣ ከፍታው ደግሞ ለሾፌር ሳንባ የሚሆን አይደለም። ከወፍጮው ጀርባ በቆርቆሮ የተከደኑ ክፍሎች ተደርድረዋል። ከዳር ካለው ክፍል ሳል ተሰማ። ፀዳለ ቆመች። ማስክ አውጥታ አደረገች፣ ለእኔም ሰጠችኝ። አንኳኳች።

«ይግቡ፣ ክፍት ነው።»

ሴትየዋ አልጋዋ ላይ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። በጥር ያየኋት ናት ለማለት ዓይኗን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ የቀረው ሁሉ ሄዷል። ክፍሏ ንጹሕ ነው። መስኮቷ በጨርቅ ተደፍኗል፤ ብርዱን ፈርታ ነው። ወደ ፀዳለ አየች። ማስኩ ፊቷን ቢሸፍነውም አወቀቻት። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ እንግዳ እንደመጣለት ሰው። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ፊቷ ላይ ቀረ።

«መጣሽ?» አለች።

ፀዳለ ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«እንግዲያ አለብኝ ማለት ነው።»

«ፍቅርአዲስ…»

«ስሜንም አወቃችሁት?» አለችና ጋቢዋን ሰበሰበች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ጤና ጣቢያ የማልሄደው ለዚህ ነበር። እዚያ ሁሉም ባሏን አስታማ ያልያዛት እያለ ያውቀኛል። ልጄን አማቴ ናት የያዘችው። ይዟታል ቢሏት ዳግመኛ አታሳየኝም። ለጠበል ነው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ እናንተ መጣችሁ፣ ደም እናያለን አላችሁ። መጥፎ ነገር ቢገኝበትስ ብዬ ጠየቅኩሽ። ተመልሼ አይሻለሁ አልሽኝ።»

ሳሉ ያዛት። እስኪለቃት ጠበቅናት።

«አንድ ወር በር በር ሳይ ከረምኩ። መጥፎ ነገር ካለ ትመጣለች፣ ቃሏን ሰጥታኛለች እያልኩ። ስትቀሪ ተመስገን አልኩ። ንጹሕ ነኝ አልኩ። ሳሉን የእንጦጦ ብርድ ነው አልኩት። ለአባም ታይቻለሁ ያልኳቸው ለዚህ ነው፤ አልዋሸሁም። ስላልመጣሽ ደህና ነበርኩ።»

ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ የክትባት መኪና የነዳ ሰው ብዙ ያያል። ያን ቀን ግን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ተናድጄም ነበር። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ በዚያ በማይገባ ወረቀት ይሁን፣ ስንስቅበት በከረምነው ቃል።

ፀዳለ ሄዳ መስኮቱ ላይ የተደፈነውን ጨርቅ ነቀለችው። ብርዱ ገባ። ከዚያ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ይድናል» አለች። «ቲቢ ይድናል። ዛሬ ትመረመሪያለሽ፣ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ። ልጅሽም ይመረመራል፣ ታዪዋለሽ።»

«እንደዚያን ጊዜው ነው የምትዪኝ?» አለች ፍቅርአዲስ።

ፀዳለ የሴትየዋን ጫማ ከአልጋው ሥር ስባ አወጣች። አንዱን እግር ይዛ አገባችበት፣ ሌላውንም አገባችበት፣ ክሩን አሰረች። ጎንበስ ስትል ከኪሷ የወረቀቱ ጫፍ ታየኝ። አላወጣችውም። ደግፈናት ስንወርድ በዝናቡ ራሰና ከጃኬቷ ጋር ተጣበቀ።

መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ነው የነዳሁት፤ ዝናቡ ጭኔ ላይ ይዘንባል። ፍቅርአዲስ በጋቢዋ ላይ የፀዳለን ጃኬት ደርባለች፣ ፀዳለ በቀሚሷ ብቻ ናት። የፓርኩ በር ጋ ስንደርስ ፎቶ የሚያነሱት ልጆች አሁንም መንገዱን ዘግተዋል። ጥሩምባ አልነፋሁም። ወርጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም፣ መኪናቸውን አነሱ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር በር ላይ ጠበቁን። ነርሷ ስም ጠየቀች።

«ፍቅርአዲስ ቱሉ» አለች። ከዚያ ወደ ዶክተር አየችና፣ «ወለተ ሰንበትም እኔው ነኝ። እሷን እንዳትቆጧት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሳል የለብኝም ብዬ፣ የትውልድ ቦታዬንም ለውጬ» አለች።

ማንም አልጠየቃትም ነበር። ፀዳለን አየኋት፤ ስሟ በአደባባይ ጠራ፣ እሷ ግን መሬት ውስጥ ብትገባ በወደደች።

ምርመራው ቲቢ ነው አለ። ሪፖርቱ በማግስቱ ቀረበ፣ የተጣለ ነገር የለም። እንዲያውም ጸጥ ካለው ወደ ወለል ያለው የተለወጠ የአንድ ሰው ሴል ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው ብለው ዶክተር ደስ ሊላቸው ሲል ፀዳለን አይተው ተዉት። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ደም በተቀዳ ቁጥር የሚያሳስብ ነገር ከታየ ለሰውየው የሚነገርበትን መንገድ አሠርተዋል። ኮንትራቷም ታደሰ። ሰው ስለዚህ ሲያነሳባት ወሬ ትለውጣለች።

እኔ የማልረሳው ግን ያን ቀን ከዋርዱ ስንወጣ ነው። ፍቅርአዲስ አልጋ ይዛለች። ፀዳለ በሩ ላይ ዞራ ቆመች። ያ ቃል እስኪወጣት ጠበቅኩ። ፍቅርአዲስም ትጠብቅ ነበር፣ ዓይኗን አልነቀለችም። ፀዳለ ምንም አላለችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋችና ወጣች። መኪና ውስጥ ገብታ እንደ ልማዷ ከጀርባዬ ተቀመጠች፤ እስከ የካ አባዶ በመስታወት አላየኋትም፣ እንዳታፍር።

በማግስቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ ሁልጊዜ ሮጣ የምትደርሰው ፀዳለ ከሁሉ ቀድማ ቆማለች። በፎጣ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ሁሉም ከገቡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣

«መጀመሪያ ሆስፒታሉ» አለችኝ።

ከመንገዳችን ወጣ ያለ ነው። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ፤ አንዱ ስብሰባ አለኝ ይላል፣ ሌላዋ ፊርማ ያልፈኛል ትላለች።

«የቸኮለ በሚኒባስ ይሂድ» አልኩና በሩን ከፈትኩላቸው።

ማንም አልወረደም።